«ኩባ ቀረ» እና «ሴ ኬዶ»፦ አንድ የስፓኒሽ ግስ ለአማርኛ ተናጋሪ

ስፓኒሽ መማር የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚያገኛቸው ግሶች አንዱ «ኬዳር» ነው። አብዛኛው ተማሪ የእንግሊዝኛ ፍቺውን ይዞ ወደ አማርኛ ይመልስና ደብተሩ ላይ «ኬዳር ማለት መቅረት ማለት ነው» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ቀጠሮ ያፈርሳል፣ ሒሳብ ያዛባል፣ አንዳንዴም በሕይወት ያለውን ሰው ሞተ፣ የሞተውን ደግሞ ጥሎን ሄደ ያሰኛል።

እኔ የወግዲ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ከስፓኒሽ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ ስፓኒሽ በመተርጎም እተዳደራለሁ። በዚህ ሥራ እንደ «ኬዳር» ደጋግሞ የሚያቆመኝ ግስ የለም። የሚያቆመኝም ከባድ ስለሆነ ሳይሆን፣ ከእኛው «ቀረ» ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ነው። እንደሚታወቀው በትርጉም ሥራ ከማያውቁት ቃል ይልቅ ያወቁት የሚመስለው ቃል ያስቸግራል።

ስፓኒሽ በየት በኩል መጣ?

ስፓኒሽ በአገራችን እንደ ፈረንሳይኛና እንደ ጣሊያንኛ የቆየ ቋንቋ አይደለም። በብዛት የመጣው በጦርነት መንገድ ነው። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን በወረረ ጊዜ ኩባ ወታደሮቿን ላከች። ካራማራ ላይ በተደረገው ውጊያ ድሉ ተገኝቶ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ስትለቀቅ ኩባውያን ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጎን ነበሩ። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመው የትግላችን ሐውልት ዛሬም የእነዚያን ወታደሮች መታሰቢያ ይዞ ይገኛል።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ መንገዱ በተቃራኒው አቅጣጫ ተከፈተ። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትና ወጣቶች ለትምህርት ወደ ኩባ ተላኩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ አባቶቻቸው በጦርነቱ የወደቁባቸው ነበሩ። ያረፉት ከዋናው የኩባ ምድር በስተደቡብ በምትገኘው «ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ» ማለትም «የወጣቶች ደሴት» ላይ ነው። የደሴቷ ስም እስከ 1978 እ.ኤ.አ. «ኢስላ ዴ ፒኖስ» ነበር፤ የተለወጠው ከዚህ የትምህርት ፕሮግራም ጋር በተያያዘ ነው። ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከናሚቢያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ልጆች እዚያው ይማሩ ነበር። የቀኑ ግማሽ ለክፍል፣ ግማሹ ደግሞ ለብርቱካንና ለመሰል ፍራፍሬ ማሳ ነበር።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. የላካቸው መንግሥት ወደቀ። በዚያው ዓመት ማለቂያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች፤ ኩባም «ልዩ ወቅት» ብላ የሰየመችው የችግር ዘመን ውስጥ ገባች። ትምህርት ላይ የነበሩት መሐል ላይ ተንጠለጠሉ። ከፊሉ ተመለሰ፤ ከፊሉ ወደ ሦስተኛ አገር አቀና፤ ከፊሉም እዚያው ትዳር ይዞ ኖረ። የተመለሱት ዛሬ በየሆስፒታሉ፣ በየእርሻ ተቋሙና በየመሥሪያ ቤቱ ይገኛሉ። ሁለቱ ሲገናኙ አማርኛውን ትተው ፈጠን ባለው በኩባ ስፓኒሽ ሲጨዋወቱ የሰማ አንባቢ አይጠፋም።

ያልተመለሱትን ግን ቤተሰቦቻቸው በአንድ ቃል ይጠሯቸዋል፦ «ኩባ ቀረ»። ይህ ቃል በስፓኒሽ ሲነገር «ሴ ኬዶ ኤን ኩባ» ይሆናል። ሁለቱ አንድ ናቸው ወይ? ወደዚህ ጥያቄ ከመድረሳችን በፊት ግሶቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

የሚገናኙበት ቦታ

«ኬዳር» በ«አር» የሚያልቅ ደንበኛ ግስ ነው፤ አረባቡ አያስቸግርም። «ኬዶ» (እቀራለሁ)፣ «ኬዳስ» (ትቀራለህ)፣ «ኬዳ» (ይቀራል)፣ «ኬዳሞስ» (እንቀራለን)፣ «ኬዳን» (ይቀራሉ) እያለ ይሄዳል። ልክ እንደ አማርኛው ባለቤቱ በግሱ መጨረሻ ስለሚታወቅ «እኔ» እና «አንተ» ማለት ግድ አይደለም። ይህ ለእኛ ትልቅ ጥቅም ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ጥቅምም አለን። በስፓኒሽ «ሁለት ወር ቀረኝ» ለማለት «ሜ ኬዳን ዶስ ሜሴስ» ይባላል። «ሜ» ማለት «ለእኔ» ወይም «እኔን» ነው፤ ባለቤቱ ግን ሁለቱ ወር ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እዚህ ላይ ለወራት ይደናበራሉ፤ በእነርሱ ቋንቋ «እኔ ሁለት ወር አለኝ» እንደማለት ባለቤቱ ሰውየው ነውና። እኛ ግን «ቀረኝ»፣ «ቀረህ»፣ «ቀረን» እያልን ስላደግን አሠራሩን ከቤታችን ይዘነው መጥተናል። አንድ ነገር ብቻ እንጠንቀቅ። አማርኛ «ሁለት ወር ቀረኝ» ሲል ግሱን በነጠላ ይተወዋል፤ ስፓኒሽ ግን ወሩ ሁለት ከሆነ ግሱንም በብዙ ቁጥር ይፈልጋል። «ሜ ኬዳ ዶስ ሜሴስ» ያለ ሰው አማርኛ ተናጋሪነቱ ወዲያው ይታወቅበታል።

ከ10 ብር ላይ 7ቱን ብናነሣ «ኬዳን ትሬስ»፣ ሦስት ይቀራል። ከሥራ የተሰናበተ ሰው «ሴ ኬዶ ሲን ትራባሆ»፣ ያለ ሥራ ቀረ። በአገራችን ሳታገባ ዕድሜዋ የገፋባትን ሴት «ቆሞ ቀር» እያሉ እንደሚያስቀይሟት ሁሉ ስፓኒሽም «ሴ ኬዶ ሶልቴራ» ይላል፤ የሁለቱም አባባል ጨዋነት የሚጎድለው ነው። «መልሱን ያስቀሩት» ለማለትም «ኬዴሴ ኮን ኤል ካምቢዮ» እንላለን። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ግሶች ወንድማማች ይመስላሉ።

የሚለያዩበት ቦታ

«ስብሰባው ቀረ» ብንል ማንም አይመጣም። ስፓኒሽ ግን «ላ ሬውኒዮን ኬዶ ፓራ ኤል ሉኔስ» ካለ ስብሰባው ለሰኞ ተወስኗል፤ የቀረ ሰው ይጠየቃል። በስፔን ደግሞ ወጣቶች «ኬዳሞስ ማንያና?» ሲባባሉ «ነገ እንገናኝ?» መባባላቸው ነው። «ቀረ» የሚለውን ይዞ የሚሰማ ኢትዮጵያዊ ቀጠሮው የተሰረዘ ይመስለውና ቤቱ ይቀመጣል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ግስ በአንዱ ቋንቋ ቀጠሮ ሲያስይዝ በሌላው ቀጠሮ እንደሚያፈርስ ነው።

ምክንያቱ ከሥሩ ይገኛል። «ኬዳር» የመጣው ከላቲን «ኲዬታሬ» ሲሆን ፍቺው ማረጋጋት፣ ማሳረፍ ነው። ስለዚህ በስፓኒሽ ልብ ውስጥ ይህ ግስ የሚናገረው ስለ ማረፍ ነው። ነገሩ ሲንቀሳቀስ ቆይቶ አንድ ቦታ ዐረፈ፣ ረጋ፣ ተቆረጠ ይላል። ቀጠሮ ሲረጋ «ኬዳሞስ»፤ ቦታ በምድር ላይ ዐርፎ ሲገኝ «ዶንዴ ኬዳ?» (የት ነው የሚገኘው?)፤ ልብስ ገላ ላይ ሲያርፍ «ቴ ኬዳ ቢየን» (ያምርብሃል፣ ልክህ ነው)፤ ሰው አንድ ነገር ደርሶበት በዚያው ሲረጋ «ሴ ኬዶ ሲዬጎ» (ዓይኑ ጠፋ) ወይም «ኬዶ ቢዩዳ» (ባሏ ሞቶባት ቀረች)።

የእኛ «ቀረ» ግን ልቡ ሌላ ነው። የሚናገረው ስለ መጉደል ነው። ይመጣል ተብሎ የተጠበቀ አልመጣም፤ ይደረጋል የተባለ አልተደረገም። ስም ጠሪው «ቀሪ» ብሎ ምልክት የሚያደርገው ወንበሩ ላይ ላልተገኘው ነው። «በስተቀር» ስንል ከቁጥሩ እናወጣለን። «ቅሬታ» ስንል በልብ ውስጥ ሳይወጣ የቆየ ነገር ማለታችን ነው። «ይቅርብኝ» ያለ ሰው ጥቅሙን እያየ ይተወዋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ «ይቅርታ» የተወለደው ከዚሁ ግስ መሆኑ ነው፤ «ይቅር» ማለት በደሉ አይታሰብ፣ ዕዳው አይጠየቅ ማለት ነውና። ስፓኒሽ ይቅርታን ከ«ኬዳር» አላወጣም።

ከዚህም የተነሣ የእኛ «ቀረ» ለሁለት የስፓኒሽ ግሶች ይከፈላል። «ሁለት ሰዎች ቀሩ» ብል ምን ማለቴ ነው? ሌላው ሄዶ ሁለቱ ብቻ አዳራሹ ውስጥ አሉ? ወይስ ሌላው መጥቶ ሁለቱ ብቻ አልደረሱም? አማርኛ ይህንን የሚለየው በዙሪያው በሚነገረው ነው። ስፓኒሽ ግን ቃል ይለውጣል። ሁለቱ አዳራሽ ውስጥ ካሉ «ኬዳን ዶስ»፤ ሁለቱ ካልደረሱ «ፋልታን ዶስ»። «ፋልታር» ማለት መጉደል፣ አለመገኘት ነው። ስፓኒሽ ለመናገር አፉን የሚከፍት አማርኛ ተናጋሪ «ቀረ» ሊል ሲያስብ በቅድሚያ ራሱን መጠየቅ ያለበት «የምናገረው ስላለው ነው ወይስ ስለጎደለው?» ብሎ ነው።

አንድ ደብዳቤ

ይህ ሁሉ የሰዋስው ጨዋታ እንዳይመስል አንድ ደብዳቤ ላንሣ። ቤተሰቡ ፈቅዶልኛል፤ ስም ግን አልጠቅስም። አባቱ በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ምሥራቅ የዘመተና ያልተመለሰ ሚሊሺያ ነበር። ልጁ ከወግዲ ወጥቶ ኩባ ሄደ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደብዳቤው ተቋረጠ፤ በመንደሩም «ኩባ ቀረ» ተባለ። በቅርብ ዓመታት ሃቫና የተወለደች ልጁ በአንድ ኢትዮጵያዊ አማካይነት ዘመዶቿን አፈላልጋ አንድ ገጽ ደብዳቤ ላከች። አማርኛ አታውቅም። ደብዳቤውን የአያቷ ወንድም ልጅ አዲስ አበባ ድረስ ይዞልኝ መጣ።

በዚያች አንድ ገጽ ላይ «ኬዳር» ስድስት ጊዜ ተጽፏል፤ ስድስቱም የተለያዩ ናቸው። መማሪያ መጽሐፍ እንኳ እንደዚህ አሟልቶ አይሰጥም።

የመጀመሪያው «ዶንዴ ኬዳ ወግዲ?» የሚል ነው። «ወግዲ የት ነው የሚገኘው?» ማለቷ ነው። ለዚህ መልስ መስጠት ቀላል ነበር፤ ከመካነ ሰላም ጎረቤት፣ በደቡብ ወሎ ምዕራብ ጫፍ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም የሚታይበት ደጋ ነው ብዬ ጻፍኩላት።

ሁለተኛው «ሜ ኬዴ ኮን ሱስ ፎቶስ» ይላል። ቃል በቃል የሚያነብ «ከፎቶዎቹ ጋር ቀረሁ» ሊል ይችላል። ትርጉሙ ግን «ፎቶዎቹን እኔ ያዝኳቸው፣ አስቀረኋቸው» ነው። «ኮን» የምትባለው ትንሽ ቃል ከ«ኬዳርሴ» ጋር ስትመጣ ግሱ የራስ ማድረግን ይይዛል። ሱቅ ውስጥ ዕቃ መርጠን «ሜ ኬዶ ኮን ኤስቴ» ስንልም «ይህንን እወስዳለሁ» ማለታችን ነው።

ሦስተኛው «ኮን ኤል ኬዴ ኤን ኤስክሪቢርሌስ» ነው። «እጽፍላችኋለሁ ብዬ ከእሱ ጋር ተስማምቼ ነበር»፣ ማለትም ቃል ገብቼለት ነበር። እዚህ ላይ «ኤን» የምትለው ቃል ስምምነቱን ታሳያለች። አባት ለልጁ አደራ እንደሰጠ፣ ልጅም አደራውን እንደተቀበለች በዚህ ዓረፍተ ነገር ይታወቃል። በአማርኛው «አደራ» የሚለውን ቃል ባልጨምርም ስሜቱ እንዳይጠፋ «ቃል ገብቼለት ነበር» አልኩ።

አራተኛው «ሜ ኬዳን ሙቻስ ፕሬጉንታስ» ነው፤ «ብዙ ጥያቄ ቀርቶኛል» ማለት ነው። እዚህ ላይ አማርኛውና ስፓኒሹ እንደ ጓንትና እጅ ይገጥማሉ።

አምስተኛውና ስድስተኛው ግን አስቸጋሪዎቹ ናቸው። «ሚ ፓፓ ሴ ኬዶ ኤን ኩባ ፖር ኖሶትራስ። ኤን ማርሶ ኖስ ኬዳሞስ ሲን ኤል።» ቃል በቃል ሲገለበጥ «አባቴ ለእኛ ሲል ኩባ ቀረ። በማርች ወር ያለ እሱ ቀረን» ይሆናል።

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አስቀድሜ ልውሰድ። «ያለ እሱ ቀረን»። ስፓኒሽ ተናጋሪ ይህን ሲያነብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣበት ሞት ነው። ግን የግድ ሞት አይደለም። አባት ትዳሩን ትቶ ቢወጣም፣ ወደ ሌላ አገር ቢሰደድም «ኖስ ኬዳሞስ ሲን ኤል» ይባላል። በአማርኛው ደግሞ «ያለ እሱ ቀረን» ከሞት ይልቅ መተውን ሊያሰማ ይችላል። ደብዳቤውን ያመጣው ዘመድም ጠይቆኝ የነበረው ይህንኑ ነው። «ጋሼ፣ ሞቷል ነው ወይስ ጥሏቸው ሄዷል ነው የምትለው?» አለኝ።

አንባቢ እንደሚያውቀው በእኛ አገር የሞት ወሬ እንደ ማንኛውም ወሬ አይነገርም። መርዶ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ ማለዳ ቤት ተሂዶ ነው የሚነገረው። እናቲቱ በሕይወት አሉ፤ ወግዲ ናቸው። በአንድ አሻሚ ግስ ላይ ተመሥርቶ ሰማንያ ዓመት ለተጠጉ እናት መርዶ መንገር አይቻልም። መርዶው ትክክል ከሆነ ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍም አይቻልም። ስለዚህ ትርጉሙን ሳልጨርስ ለልጅቷ አንድ መስመር ጻፍኩላት፤ «ኬዳር» የሌለበት ጥያቄ ነበር። በማግሥቱ መልሷ መጣ፦ «ፋዬሲዮ»። ዐረፈ ማለት ነው፤ ይህ ግስ ሌላ ፍቺ የለውም። መርዶው እንደ ወጉ ተነገረ።

ለተርጓሚም ሆነ ለተማሪ ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። አሻሚን ቃል በአሻሚ ቃል መተርጎም አንዳንድ ጊዜ ታማኝነት ነው። የሰው ሕይወትና ሞት የተንጠለጠለበት ሲሆን ግን ታማኝነቱ መጠየቅ ነው።

ቆሞ የሚያየው ማን ነው?

አሁን ወደ አምስተኛው እንመለስ። «ሚ ፓፓ ሴ ኬዶ ኤን ኩባ ፖር ኖሶትራስ»። እዚህ ውስጥ አሻሚ ነገር የለም፤ ልጅቷ የምትለው ግልጽ ነው። እኔ፣ እህቴና እናታችን ስላለን ጥሎን አልሄደም ነው የምትለው። ይህ በእሷ አፍ ምስጋና ነው። በወግዲ ቤት ግን «ለእነርሱ ሲል ቀረ» ብሎ ማንበብ እናትን «አንቺን ትቶ» ብሎ እንደ መንገር ይቆጠራል። ግሱ አንድ፣ ፍቺው አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ዘንድ ምስጋና ሌላው ዘንድ ክስ የሆነው ለምንድን ነው?

እኔ እንደተረዳሁት ልዩነቱ ያለው ተናጋሪው በቆመበት ቦታ ነው። «ሴ ኬዶ» የሚለው ሰው የቆመው ከቆየው ሰው ጎን ነው፤ አብሮት አለ፣ ያየዋል። «ቀረ» የሚለው ሰው የቆመው ግን የሚጠበቅበት ደጅ ላይ ነው፤ መንገዱን ያያል፣ ሰውየውን አያይም። ስለዚህ «ቀረ» የጠባቂ ግስ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከጎኑ ያለ ሰው በአማርኛ የሚለው «ተቀመጠ» ወይም «ቆየ» ነው። ለምሳሌ በ2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች በየቦታው «ኬዳቴ ኤን ካሳ» ተብሎ ሲለፈፍ በእኛ አገር የተባለው «ቤት ይቆዩ» ነው። «ቤት ይቅሩ» ያለ አልነበረም።

ከታሪክ አንድ ምሳሌ ላክል። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ካህን በ1603 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ገባ። አማርኛና ግዕዝ ተማረ፤ በ1618 እ.ኤ.አ. የዓባይን ምንጭ አይቶ ጻፈ፤ በ1622 እ.ኤ.አ. ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ዐረፈ። ስለዚህ ሰው በስፓኒሽ «ሴ ኬዶ ኤን ኤቲዮፒያ» እንላለን። በአማርኛ ግን ምን እንበል? ከጎርጎራ ሆነን ስንናገር «እዚህ ተቀመጠ፣ እዚሁ ዐረፈ» እንላለን። ከትውልድ መንደሩ ሆነን ብንናገር ግን «ሐበሻ አገር ቀረ» ነው የምንለው። ሰውየው አንድ ነው፤ የተለወጠው የእኛ መቆሚያ ነው።

የወሎ ሰው ይህን ግስ በደንብ ያውቀዋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሀብ ጊዜ በሰፈራ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከተወሰዱት ወደ 600 ሺሕ ከሚጠጉ ሰዎች አብዛኞቹ የወሎ ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ እዚያው ቤት ሠሩ፣ ልጅ ወለዱ። ደጋው ላይ ግን ዛሬም ስማቸው ሲነሣ «ኢሉባቦር ቀረ»፣ «ወለጋ ቀረ» ነው የሚባለው። ዛሬ ደግሞ ተራው የዓረብ አገር ነው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ በየመንደሩ የተጠየቀው «ማን መጣ፣ ማን ቀረ?» ተብሎ ነው። «ቀረ» ከተባሉት መካከል ሠርቶ የሚያድር አለ፤ የታሰረ አለ፤ ባሕር የበላው አለ። አንዱ ግስ ለሁሉም ያገለግላል፤ ጠባቂው ቤት የሚታየው መጉደላቸው ብቻ ነውና።

ደብዳቤውን የተረጎምኩት «አባቴ እኛን ላለመበተን ሲል እዚሁ ኩባ ተቀመጠ» ብዬ ነው። «ፖር ኖሶትራስ» የሚለውን «እኛን ላለመበተን» ያልኩት ጨምሬበት ነው የሚለኝ ተቺ ሊኖር ይችላል። እኔ ግን የልጅቷ ምስጋና ምስጋና ሆኖ ወግዲ እንዲደርስ ከፈለግሁ «ተቀመጠ» ብቻውን እንደማይበቃ ገብቶኛል፤ ለማን ብሎ ሳይሆን ስለምን ብሎ እንደተቀመጠ መታወቅ ነበረበት።

ከለቅሶው በኋላ እናቲቱ መልስ አስጻፉ። ከመልሱ መካከል ያለውን አንድ ዓረፍተ ነገር እነሆ፦ «ለልጆቹ ብሎ ከተቀመጠማ፣ ቀረ አይባልም።»

ይህን ወደ ስፓኒሽ መመለስ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ስፓኒሹ «ተቀመጠ»ንም «ቀረ»ንም «ሴ ኬዶ» ስለሚል ዓረፍተ ነገሩ «ለልጆቹ ብሎ ከቀረ፣ ቀረ አይባልም» የሚል እንቆቅልሽ ይሆናል። ያለው መንገድ «ቀረ»ን በሌላ ግስ መተካት ነው። «ሲ ሴ ኬዶ ፖር ሱስ ኢሃስ፣ ኖ ሴ ዲጋ ኬ ኖ ቦልቢዮ» ብዬ ጻፍኩ። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ለልጆቹ ሲል ከተቀመጠ፣ አልተመለሰም አይባል» ማለት ነው። የእኛ «ቀረ» በስፓኒሽ ትክክለኛ አቻው ብዙ ጊዜ «ኬዳር» ሳይሆን «ኖ ቦልቤር» (አለመመለስ) መሆኑን ይህ ዓረፍተ ነገር ያሳያል።

ለሚማር ሰው

ይህን ግስ ለመያዝ የሚፈልግ አንባቢ አምስት ነገሮችን ቢያስተውል ይጠቀማል።

አንደኛ፣ «ኬዳር»ን ብቻውን አያጥና። ከተከታዩ ትንሽ ቃል ጋር ይያዘው። «ኬዳር ኤን» መስማማት፤ «ኬዳርሴ ኮን» ማስቀረት፣ መውሰድ፤ «ኬዳርሴ ሲን» ማጣት፤ «ኬዳር ፓራ» ለአንድ ጊዜ መቀጠር ነው። የሚማረው ግስ አንድ ሳይሆን አራት እንደሆነ ቆጥሮ ቢማረው ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ድምፁን ልብ ይበል። በግዕዝ ፊደል ስንጽፈው «ሜ ኬዶ» (እቆያለሁ) እና «ሴ ኬዶ» (ቆየ) ውስጥ ያለው ግስ አንድ ይመስላል። በአፍ ግን የመጀመሪያው «ኬ» ላይ ይጠነክራል፤ ሁለተኛው «ዶ» ላይ። እኛ «አለ» ብለን ጽፈን አንዱን አጥብቀን አንዱን አላልተን እንደምናነበው ማለት ነው። «ኬዳሞስ» ደግሞ ለአሁንም ለኃላፊም አንድ ስለሆነ ጊዜውን የሚነግረን ዙሪያው ነው።

ሦስተኛ፣ የሚሰማውን አገር ይወቅ። ከኩባ የተመለሱት ወገኖቻችን የቃል መጨረሻ ላይ ያለውን «ስ» ስለሚያላሉት «ኖስ ኬዳሞስ» ከአፋቸው ሲወጣ «ኖ ኬዳሞ» የሚል ይመስላል። «ኖ» ደግሞ ማፍረሻ ነውና ጀማሪው «አልቀረንም» ያሉ ሊመስለው ይችላል። «ማርሶ» የሚሉትን የማድሪድ ሰዎች ምላሳቸውን በጥርስ መካከል አድርገው ነው የሚሉት። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

አራተኛ፣ «ቀረ» ሊል ባሰበ ቁጥር ይምረጥ። ያለ ነገር ከሆነ «ኬዳር»፤ የጎደለ ከሆነ «ፋልታር»፤ የተሰረዘ ከሆነ «ሴ ካንሴሎ»፤ ያልተመለሰ ከሆነ «ኖ ቦልቢዮ»።

አምስተኛ፣ በተቃራኒው ከስፓኒሽ ወደ አማርኛ ሲመለስ ሰው ላይ የወደቀ «ሴ ኬዶ» ባጋጠመው ጊዜ «ቀረ» ብሎ ከመጻፉ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ። ይህንን የሚናገረው ከጎኑ ያለ ሰው ነው ወይስ ደጅ ላይ ቆሞ መንገድ የሚያይ? ከጎኑ ያለ ከሆነ «ተቀመጠ» ይበል፤ ጠባቂ ከሆነ «ቀረ» ይበል። በመዝገበ ቃላት ውስጥ ይህ ልዩነት አይገኝም፤ ብዙ ቤተሰብ ግን ይህንኑ ልዩነት ይዞ ዓመታት ይኖራል።